የሳፋ ባሕር

ሂንዲያ መጣች በስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ ቆርቆሮ ስታግል፣
በሻሽ ጠቅልላ አቅፋ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅ ይመስል።
ባንኮኒዬ ላይ ፈታቻት፦ አሻንጉሊት ናት፣ ክንድ ተኩል፣
በጅቡቲ በኩል የገባች፣ የሦስት ወር ደሞዝ የምታክል፤
ክርኗ ጉልበቷ ይታጠፋል፣ አንገቷ ዞሮ ያደምጣል፣
በባዶ ሆዷ የሚያልፍ ላስቲክ እጅና እግሯን ያዋድዳል።
«ሉል ነው ስሟ» አለችኝ፣ «ውሃ ውስጥ አንሳልኝ አቦ፣
ማታ ደቻቱ ይመጣል፣ ዳገቱን ደመና ከቦ።»

ደቻቱ፣ አልኩኝ በሆዴ። አሸዋ ነው ዓመቱን ሙሉ፤
ኳስ ይራገጡበታል፣ ሰልባጅ ዘርግተው ይውላሉ፤
እዚህ ጠብ ሳይል፣ ሰማዩ ኮከብ እንደ ቆሎ ዘርቶ፣
ላይ አገር የዘነበው ይደርሳል፣ ግንድና ድንጋይ አስከትቶ።
«እሱን ተይው» አልኳት፣ «እኔ ባሕር አለኝ ጓሮ፤
ሰማያዊ የልብስ ሳፋ፣ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ አድሮ።»
ያደረ ውሃ አረፋ የለው። ለፎቶ ደግ ነው።

ሥራ ጀመርን።
ደህናውን ፀጉሯን አወለቅን፣ በአሮጌ ዊግ ተካንላት፤
የብርጭቆ ዓይኗ እንዳይወድቅ፣ ከኋላ ሰም ጠቀጠቅንላት።
አንጓዋ ውስጥ የብረት መንጠቆ አለ፣ ዝገት የሚጠራ፤
ግራሶ ቀባሁት፣ ከባቡሩ ጋራዥ የተረፈች፣ ከአባቴ ሥራ።
ባዶ ናት። ትንሳፈፋለች፣ ከዚያ በመጋጠሚያዋ ትጠጣለች፣
ማንም ልብ ሳይላት፣ ቀስ ብላ፣ እንደተኛች ትሰምጣለች።
ስለዚህ ወገቧን በዓሣ ክር አሰርኩ፣
ጫፉን በሌባ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩ።
«ፊቷስ?» አለች ሂንዲያ።
ፊቷ ብቻ ነው በብሩሽ፣ በስስ ቀለም የተሳለ፤
ሦስቴ ቫርኒሽ ረጨሁበት፣ እጄ እንደ ጀማሪ እየዋለለ።
«ውሃ» አልኳት፣ «መጀመሪያ የሚበላው ፊት ነው።»
«በምን አወቅህ?»
ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቅኩ። ዝም አልኩ።

ያኔ ፎቶ ቤቴ እዚህ ከዚራ ሳይሆን ደቻቱ ዳር ነበር፣
የሃያ ዓመት ሰው በኔጋቲቭ፣ በጫማ ካርቶን ታጭቆ የሚያድር።
አንድ ሌሊት ውሃው በመስኮት መጣ፣
ካርቶኑን ትቶልኝ፣ ጭቃ ሰጥቶኝ፣ ፊቱን ሁሉ ይዞ ወጣ።
ፊልሙን በገመድ አሰጣሁት። ከረባት አለ፣ ሸሚዝ አለ፣
የፎቶ ወንበሬ አለ፤ ከአንገት በላይ ወተት መሰለ።
በአራተኛው ቀን ሙመዴ ደረሰ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ዘበኛ፤
«የልጄን ጉርድ ፎቶ» አለኝ፣ «አንዲት። ቤት የነበረው አልቀረም ለእኛ።»
ስፈልግ ዋልኩ፣ አገኘሁለት፦
ቀሚሷን፣ አንገትጌዋን፣ ሦስት ቁልፍ።
ያንኑ አጠብኩለት።
በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ሳመው፣
ኪሱ ከተተው።

«ላላ አድርገው እንጂ ክሩን!» አለች ሂንዲያ፣ «ጣትህ ጠቆረ እኮ!»
ሉል በጀርባዋ ተንጋለለች፣ ክንዷን ውሃው ከፈተው፣
የዘረጋነው ነጭ አንሶላ ብርሃኑን ጉንጯ ላይ አስተኛው።
ሃያ ሁለት ጊዜ አነሳኋት፤ አስር ደቂቃ ሳይሞላ
አወጣኋት። በታሸገ ውሃ አለቀለቅናት፣ የቧንቧችን ኖራ ነጭ እንዳይተው ኋላ፤
ከዚያ ሰቀልናት። ፀሐይ ላይ አይደለም፣ የድሬ ፀሐይ ቆዳዋን ቢጫ ያደርጋል፤ በጥላ።
«መጋጠሚያዋን በሙጫ ልድፈነው ይሆን፣ ለሌላ ጊዜ?»
«ግጥም ያለ ነገር የለም ልጄ። በየግጥሙ ውሃ ይገባል።
ተይው፣ ይውጣላት። ነገ ትወስጃታለሽ።»

ሌሊት ደቻቱ መጣ።
ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት፣ ድንጋይን ከድንጋይ ሲያጋጭ።
ወጣሁ። ሉል ገመዱ ላይ ናት፣
ከግራ ጉልበቷ ጠብ ይላል፣ ቆይቶ ጠብ፤
ጣሳ አስጠጋሁላት።
ጣቴ ላይ የክሩ ምልክት ነበር፣ ቀጭን፣ ቀለበት የሚያህል።
እስኪነጋ አልጠፋም።